የብርና የመዳብ ሥራ በማታ ትምህርት፦ ጀማሪ ከምን ይጀምር?

ጥያቄ፦ ጀማሪዋ (ፍራንክፈርት)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች።

ከፍራንክፈርት ብዙም በማይርቅ አንድ ፎልክስሆክሹለ (የአዋቂዎች ትምህርት ቤት) ማክሰኞ ማታ የሚሰጠውን የወርቅና የብር ሥራ መግቢያ ትምህርት ለመከታተል ተመዝግቤያለሁ፤ ትምህርቱ የሚጀመረው በሚቀጥለው ወር ነው። ቀን የምውለው በሒሳብ ሥራ ላይ ስለሆነ እጄ ከመርፌና ከመቀስ ያለፈ መሣሪያ ይዞ አያውቅም። የተላከልኝ ወረቀት በመጋዝ መቁረጥን፣ መሞረድን፣ መዳብንና ብርን በእሳት ማለስለስን፣ መበየድንና በመጨረሻም አንድ ቀለል ያለ ቀለበት መሥራትን እንደምንማር ይገልጻል። ሽርጥ ይዘን እንድንመጣ፣ የምንጠቀምበትንም ብር በግራም እየተመዘነ እንድንከፍል ያሳስባል። ከዚህ ያለፈ ማብራሪያ የለውም።

መጀመሪያ የሚያሳስበኝ በምን ልለማመድ የሚለው ነው። ጀማሪዎች በመዳብ ወይም በነሐስ ላሜራ ቢለማመዱ ይሻላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን የተመዘገብሁት ብር ለመሥራት ስለሆነ፣ ያሉኝን ጥቂት ምሽቶች በመዳብ መጨረሱ ጊዜ ማባከን እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ። መሣሪያስ ከአሁኑ ልግዛ ወይስ የትምህርት ቤቱን እየተጠቀምሁ ልቆይ? በኢንተርኔት ላይ የጀማሪ ሙሉ ዕቃ እየተባለ በሣጥን የሚሸጠው ዋጋው ቀላል ነው፤ ጥራቱን የምለይበት ዐይን ግን የለኝም።

ዋናው ጉዳዬ ከአያቴ የወረስሁት የብር አምባር ነው። አምባሩ መሃሉ ላይ ተሰብሮ፣ ምናልባትም እኔ ሳልወለድ፣ አንድ ጊዜ ተበይዷል፤ የተበየደበት ቦታ ከቀሪው ብር ይልቅ ደብዛዛና ግራጫ ሲሆን አሁን እንደገና መላቀቅ ጀምሯል። እናቴ እንደምትለው ብሩ የተገኘው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ቀልጦ ነው። አምባሩን በትምህርቱ ላይ ራሴ ብጠግነው፣ ካልሆነም አቅልጬ ቀለበት ባደርገው ደስታዬ ነበር፤ ይህ ለጀማሪ የሚቻል ነገር ነው ወይ?

እሳት እንደምፈራም አልሸሽጋችሁም። አባቴ ነገሩን በስልክ ስነግራቸው «ከሒሳብ ሠራተኝነት ወደ ቀጥቃጭነት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ፤ ቀልድ መሆኑን ባውቅም ከቀልዱ ሥር ያለው ስላልጠፋኝ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ምክራችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

መልስ፦ የሐምቡርጓ

እንኳን ወደ ሥራው በደህና መጣሽ፣ እህቴ። እኔም የጀመርሁት እንደ አንቺው በማታ ትምህርት ነው። ዛሬ ቤቴ ውስጥ ትንሽ ጠረጴዛ ቢኖረኝም አሁንም እየተመዘገብሁ እማራለሁ፤ ምክንያቱም በኪራይ ቤት ውስጥ የማይገቡት ነገሮች፣ ማለትም ላሜራ መዳመጫው፣ ትልቁ መስፍና የማወልወያው ሞተር፣ ያሉት እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት በአብዛኛው የመጋዝ ምሽት ነው፤ እንዳትንቂው አደራ እልሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሁሉ በአቆራረጥሽ ላይ ይመሠረታልና። የወርቅ ሠሪ መጋዝ ምላጯ እጅግ ቀጭን ስለሆነች ጀማሪ ሁሉ ይሰብራታል፤ በደርዘን የምትሸጠውም ለዚሁ ነው። ስትገጥሚያት ጥርሶቿ ወደ መያዣው፣ ማለትም ወደ ታች፣ እንዲመለከቱ አድርጊ፤ የምትቆርጠው ወደ ታች ስትሳብ ብቻ ነው። አንዱን ጫፍ ካጠበቅሽ በኋላ ፍሬሙን በደረትሽ ወደ ጠረጴዛው ገፋ አድርገሽ በጥቂቱ እንዲጎብጥ ታደርጊና ሁለተኛውን ብሎን ታጠብቂያለሽ፤ ደረትሽን ስታነሺ ፍሬሙ ራሱ ምላጯን ይወጥራታል። በጥፍርሽ ነካ ስታደርጊያት እንደ ክራር ጅማት ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠች ላልታለች ማለት ነው፤ የላላች ምላጭ ደግሞ መስመር ትስታለች፣ ቀጥላም ትሰበራለች። ለ0.8 ሚሊሜትር ላሜራ ቁጥሯ 2/0 የሆነች ትስማማለች፤ ላሜራው በቀጠነ ቁጥር ጥርሷ የረቀቀ ምላጭ መምረጥ ነው ደንቡ። ጥቂት ሰም ቀቢያት እንጂ በጉልበት አትጫኛት። ጥግ ላይ ስትደርሺ መጋዙን እዚያው ባለበት ከፍ ዝቅ እያደረግሽ ላሜራውን ታዞሪዋለሽ፤ መጋዙን ለማዞር የሞከረ ሰው ምላጩን መቀየሩ የማይቀር ነው።

ስለ ሞረድ የምለው አጭር ነው፤ የሚቆርጠው ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ስለሆነ ወደ ኋላ ስትመልሺው ከሥራው ላይ አንሺው። ከጠረጴዛው ሥር የተዘረጋው ቆዳ የብር ፍቅፋቂ የሚጠራቀምበት ነው፤ መዳብ ሞርደሽ ከሆነ ብር ከመንካትሽ በፊት ጠርገሽ አውጪው።

በሣጥን የሚሸጠውን ዕቃ አትግዢ። በእኔ እምነት በውስጡ ካሉት ነገሮች ግማሹን አትጠቀሚበትም፤ የምትጠቀሚባቸው ፒንሳዎች ደግሞ አፋቸው በደንብ ስላልተሞረደ ብርሽን ይጭሩታል። ለጊዜው የሚያስፈልግሽ የጥጥ ሽርጥ፣ የራስሽ የመጋዝ ምላጮች፣ ካሊበር (ውፍረት መለኪያ)፣ ጥሩ እርሳስና ደብተር ብቻ ነው። ሌላውን የትምህርት ቤቱን እየሞከርሽ ቆይተሽ፣ እጅሽ የወደደውን ስታውቂ ከወርቅ ሠሪ ዕቃ ሻጭ ለየብቻ ትገዢዋለሽ። ቀድመሽ ግዢ ብባል የምመርጠው አንድ ጥሩ ግማሽ ክብ ሞረድ ነው።

የማታ ትምህርት የራሱ ጠባይ እንዳለውም እወቂ። መሣሪያ ለማውጣትና ጠርጎ ለመመለስ የሚያልፈው ጊዜ ቀላል አይደለም፤ በእሳቱ ፊት ወረፋ አለ፤ አንዱ አስተማሪም ለሁላችሁ ይከፋፈላል። ስለዚህ የምትሠሪውን በትክክለኛው ልኬት ሥለሽ፣ የምትጠይቂውንም ጽፈሽ ግቢ፤ በምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓት ምን ልሥራ እያለ የሚያስብ ተማሪ ሥራውን ሳይጀምር ደወል ይደወላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሀናው ለአንቺ ቅርብ ናት፤ በ1772 የተመሠረተውና ወርቅ ሠሪዎችን የሚያሠለጥነው የሥዕል አካዳሚ እዚያ ነው፣ የወርቅ ሠሪዎች ቤት የሚባለው ሙዚየምም በዚያችው ከተማ ይገኛል። ጀርመን ውስጥ ወርቅ ሠሪ ለመባል የሦስት ዓመት ተኩል የሙያ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ እኛ የማታ ተማሪዎች ከዚያ ውስጥ የምንቀምሰው ጥቂቱን ነው፤ ይህን አውቆ መግባት ከራስሽ ላይ ብዙ ጫና ያነሣልሻል።

መልስ፦ የፒያሳው አንጥረኛ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ጥያቄሽን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የአምባሩን ጉዳይ ስላሳሰበኝ ከእሱ እጀምራለሁ።

የተበየደበት ቦታ ደብዛዛና ግራጫ ነው ካልሽ፣ የተበየደው በብር መበየጃ (ከዕቃው ቀድሞ ቀልጦ በሚያያይዝ የብር ቅይጥ) ሳይሆን በቆርቆሮና በእርሳስ መሆን አለበት ብዬ እጠረጥራለሁ። በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብለሽ ጫሪው፤ በቀላሉ ከተላጠ እርሳስ ሳይሆን አይቀርም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የብር መበየጃ ደግሞ የሚፈሰው በአብዛኛው 700 ዲግሪ ገደማ ነው። አምባሩን እንዳለ እሳት ላይ ብታደርጊው፣ መበየጃው ከመፍሰሱ ብዙ ቀደም ብሎ እርሳሱ ቀልጦ ወደ ብሩ ይሰርጋል፤ ብሩንም እየበላ ጉድጓድ ይተዋል፤ ያ ጉዳት ከደረሰ በኋላ የተበላውን ቦታ ቆርጦ ከመጣል በቀር መድኃኒት የለውም። እርሳሱ በእሳት ጡቡ ላይ ከቀረ የሌላውን ተማሪ ሥራም ያበላሻል፤ ስለዚህ ለአስተማሪሽ ሳታሳዪ ወደ እሳት እንዳታቀርቢው። ትክክለኛው መንገድ ግራጫው ሁሉ እስኪያልቅ በመፋቂያና ለዚሁ ብቻ በተለየ ሞረድ ማንሣት፣ ፍቅፋቂውን በእርጥብ ወረቀት ሰብስቦ ማስወገድ፣ እጅን መታጠብ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በብር መበየጃ መበየድ ነው። ይህ የልምድ ሥራ ስለሆነ ወይ ለባለሙያ ስጪው፣ ወይ እጅሽ እስኪበረታ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው።

ስለ ጠገራው እናትሽ የነገሩሽ የሚታመን ነው፤ በአገራችን የቆየው የብር ጌጥ አብዛኛው የተሠራው ከእሱ ነውና። የማሪያ ቴሬዛ ብር የትም ቢመታ፣ ከ1780 ወዲህ መቼም ቢመታ 1780 የሚል ዓመት አለበት፤ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው ማለት ይቻላል። አንቺ ከሱቅ የምትገዢው 925 ስለሚሆን የአያትሽ ብር መዳቡ ይበዛል፤ እሳት ላይ ቶሎ ይጠቁራል፣ ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀትም ይቀልጣል። በዚያ ላይ የድሮ አንጥረኛ ሲያቀልጥ ስብርባሪውን ሁሉ አብሮ ስለሚጨምር ውስጡ ያለውን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ማቅለጡን ግን እኔ አልደግፈውም። ብር በየትም ይገዛል፤ የዚያን አንጥረኛ እጅ ግን አትገዢውም።

አሁን ወደ መዳቡ ልምጣ። በመዳብ መለማመድ ጊዜ ማባከን አይደለም። አንደኛ፣ ርካሽ ስለሆነ ሳትሳቀቂ ትቆርጪዋለሽ። ሁለተኛ፣ ቀይ መዳብ በነጭ የብር መበየጃ ሲበየድ መገጣጠሚያው እንደ ነጭ መስመር ይታያል፤ መስመሩ ቀጭንና እኩል ከሆነ አገጣጠምሽ ጥሩ ነበር፣ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ከጠፋ ግን ሞረድሽ ላይ ጉድለት አለ። በብር ላይ ይህ ስሕተት ስለማይታይ ጀማሪ ራሱን ያታልላል። መበየጃ ክፍተት አይሞላም፤ ሁለቱ ጫፎች ተገጥመው ወደ መስኮት ብታነሺያቸው ብርሃን ማለፍ የለበትም።

በእሳት ስለ ማለስለስም አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ። መዳብና ብር ሲቀጠቀጡ እየጠነከሩ ይሄዳሉ፤ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያወጡ ሲሞቁ ይለሰልሳሉ። ቅላቱ የሚታየው ጨለም ባለ ቦታ ስለሆነ በላይሽ ያለውን መብራት አጥፊ፤ በደማቅ ብርሃን ሥር ቀልቶ ያየሽው ብር ለመቅለጥ የተቃረበ ነው። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ውኃ ውስጥ ከነከርሽው ይጠነክራል» ቢልሽ እሱ የሚናገረው ስለ ሞረድና ስለ መሮ ብረት ነው፤ መዳብና ብር ግን ቅላታቸው ከጠፋ በኋላ ውኃ ውስጥ ቢገቡም እንደለሰለሱ ይቆያሉ።

በብየዳ ጊዜ ዐይንሽ ከቦራክሱ (መበየጃው እንዲፈስ መገጣጠሚያው ላይ ከሚቀባው ጨው) ላይ አይነሣ። መጀመሪያ ውኃው ሲተን ነጭ ሆኖ ያብጣል፤ መበየጃሽን ከቦታው የሚያነሣው ይህ ጊዜ ስለሆነ እሳቱን ከሩቅ ያዢ። ከዚያ እብጠቱ ተኝቶ ይጠራል፣ እርጥብ መስሎም ያንጸባርቃል፤ ሙቀቱ መቃረቡን የሚነግርሽ እሱ ነው። እሳቱን በመበየጃው ላይ አታሳርፊ፤ ዕቃውን ዙሪያውን እኩል አሙቂው፣ መበየጃው ሙቀት ወዳለበት ይፈሳልና። አንዲት ብልጭ የምትል መስመር በመገጣጠሚያው ላይ ስትሮጥ ባየሽ ጊዜ ወዲያውኑ እሳቱን አንሺ።

አባትሽን በተመለከተ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከአፍ አልጠፋም። ቀለበቱን ሠርተሽ ለእሳቸው ላኪላቸው።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ የጻፉት ስለ እርሳሱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ በመዳቡ ላይ ግን በአክብሮት እለያለሁ። ለመጋዝና ለሞረድ መዳብ ጥሩ ነው፤ ለብየዳ ግን መዳብ ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣል። ሙቀቱን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚያከፋፍል ትልቅ እሳት ይፈልጋል፤ በደቂቃ ውስጥም ላዩ ይጠቁራል፣ በጠቆረ ነገር ላይ ደግሞ መበየጃ አይሄድም። እኔ የተማርሁበት ክፍል ውስጥ ብየዳ ከአቅሜ በላይ ነው ብለው የተዉ ሰዎች ሁሉ የታገሉት ከወፍራም መዳብ ጋር ነበር። ስለዚህ ጠያቂዋ ለመጀመሪያው ብየዳ ጥቂት ግራም 925 ብር ቢገዙ፣ ሁለት ትንንሽ ቁራጮችንም ደጋግመው ቢበይዱ ዋጋው አያከስራቸውም፤ ስብርባሪውም ብር ስለሆነ አይጣልም።

ስለ እሳት ፍርሃትዎ፦ በጀርመን አገር ብዙ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት በአፍ የሚነፋው የጋዝ እሳት መሣሪያ ነበልባሉ በትንፋሽ ስለሚታዘዝ፣ መንፋት ሲያቆሙ ለስላሳ ይሆናል። አስተማሪው ከፈቀዱልዎ መጀመሪያ ምንም ሳይበይዱ ባዶ ጡብ ላይ ነበልባሉን ማሳጠርና ማስረዘም ይለማመዱ። ይልቅስ መፍራት ያለብዎት የማወልወያውን ሞተር ነው። ፀጉርዎን ይሰብስቡ፣ ነጠላም ሆነ ሻርፕ አውልቀው ይግቡ፣ ጓንት አያድርጉ፣ ሰንሰለት የሆነ ነገር ፈጽሞ አያስጠጉ፤ ሞተሩ ጨርቅ ወይም ሰንሰለት ከያዘ ጣትዎን አብሮ ይወስዳል።

ከብየዳ በኋላ ጥቁረቱን የሚያነሣው አሲድ ውስጥ የብረት ወረንጦ አይክተቱ፤ ብረት ከገባ በአሲዱ ውስጥ የሟሟው መዳብ በብርዎ ላይ ተለጥፎ ሮዝ ያደርገዋል። የመዳብ ወይም የፕላስቲክ መያዣ ይጠቀሙ። ለቤት ልምምድ ደግሞ የሻይ ጀበና ለማጽዳት የሚሸጠው የሎሚ አሲድ ዱቄት በሞቀ ውኃ ተበጥብጦ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ዘገም ይላል እንጂ። የጋዝ ጠርሙስ ወደ ቤት ከማስገባትዎ በፊት ግን አከራይዎን ይጠይቁ፤ ፕሮፔን ከአየር የከበደ ስለሆነ ምድር ቤት ውስጥ አይቀመጥም።

ጀማሪዋ (ፍራንክፈርት)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ አምባሩን እንዳሉኝ ጫር አድርጌው ነበር፤ ግራጫው በቀላሉ ተላጠ፣ ስለዚህ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ለመጋዝና ለሞረድ መዳብ፣ ለመጀመሪያው ብየዳ ደግሞ ጥቂት ብር ለመያዝ ወስኛለሁ፤ ሁለቱንም ሐሳብ ያስታርቅልኛል።

አንድ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። የጣቴ ቁጥር በጀርመን መለኪያ 54 ነው፤ የቀለበቱ ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር እንዲሆን አስቤያለሁ። ላሜራውን 54 ሚሊሜትር አድርጌ ብቆርጥ በቂ ነው?

መልስ፦ የሐምቡርጓ

አይበቃም፤ 54 ከቆረጥሽ ጣትሽ ላይ አይገባም። በጀርመን መለኪያ ቁጥሩ የቀለበቱ የውስጥ ዙሪያ በሚሊሜትር ነው፤ ላሜራው ሲታጠፍ ግን ውስጡ ይጨመቃል፣ ውጩ ይለጠጣል፣ ርዝመቱን ሳይለውጥ የሚቀረው የውፍረቱ መካከል ነው። ስለዚህ ውፍረቱን በ3.14 አባዝተሽ በቁጥሩ ላይ ጨምሪ፦ 1.5 በ3.14 ሲባዛ 4.7 ይሆናል፣ 54 ሲደመርበት 58.7 ሚሊሜትር። ቀለበቱ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ሰፊ ከሆነ ጣት ላይ ስለሚጠብቅ አንድ ቁጥር ከፍ አድርገሽ አስቢ። የመሞረጃ ትርፍ ትንሽ ብቻ ተዪ፤ ቀለበት ሲጠብ በዘንጉ (ቀለበት በሚጠለቅበት ሾጣጣ ብረት) ላይ እየመታሽ ጥቂት ታሰፊዋለሽ፣ ከሰፋ ግን ቆርጠሽ እንደገና መበየድ ይኖርብሻል።

ስታጥፊው ወዲያው ክብ ለማድረግ አትድከሚ። ቅርጹ ጠማማ ቢሆንም ግድ የለም፤ ዋናው ሁለቱ ጫፎች በሙሉ ገጻቸው መገናኘታቸው ነው። አንዱን ጫፍ ከሌላው አሳልፈሽ ጥቂት አጠላልፊና መልሰሽ ስታገናኚያቸው በራሳቸው ጉልበት እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ በእሳት ጊዜ እንዳይከፈቱ የሚይዛቸው ይህ ነው። ከተበየደና ከአሲዱ ወጥቶ ከታጠበ በኋላ ዘንጉ ላይ አድርገሽ በፕላስቲክ ወይም በቆዳ መዶሻ እየመታሽ ክብ ታደርጊዋለሽ፤ በብረት መዶሻ ከመታሽው ብሩ ይሳሳል፣ ቁጥሩም ሳታስቢው ወደ 55 ይሄዳል። ዘንጉ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድም ቀለበቱን በየጊዜው እያወጣሽ ገልብጠሽ አስገቢው፤ አለበለዚያ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ሰፍቶ ይቀራል።